ልጅዎ ከሴቶች ትምህርት ቤት ስትመለስ

ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤቶች አዲስ ተማሪ መመዝገብ በሚጀምሩበት ሰሞን በየመሥሪያ ቤቱ በሻይ ሰዓት እናቶች የሚጨዋወቱት ጉዳይ አንድ ዓይነት ነው። የትኛው ትምህርት ቤት ይሻላል? ክፍያው ዘንድሮ ስንት ገባ? ሰርቪስ አለው ወይ? ሴት ልጅ ያላቸው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አላቸው፤ ይኸውም «ሴቶች ብቻ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ባስገባትስ?» የሚለው ነው። አንዳንዷ ይህን የምታነሣው ስለ ትምህርቱ አስባ ነው። አንዳንዷም፣ እውነቱን እንነጋገርና፣ ልጇ ከወንድ ልጅ ጋር እንዳትታይ ፈልጋ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ትምህርት ቤት ሳይሆን አጥር መምረጥ ስለ ሆነ ለዛሬ እንተወው። ልጅቷ ጧት ታክሲ ስትሳፈር፣ ማታም ከሱቅ ዳቦ ስትገዛ ከወንዶች ጋር መኖሯ እንደሆነ አይቀርም። እኛ የምንነጋገረው ከደመወዝዎ ላይ ቆርሰው የሚከፍሉት ገንዘብ ለልጅዎ ምን እንደሚገዛላት ነው። ከዚያም አልፎ፣ የተገዛው ነገር ቤት ሲደርስ ምን እንደሚሆን እንነጋገራለን።

ለሴቶች ብቻ የተለየ ትምህርት ቤት ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1908 ሲከፈት በሩ የተከፈተው ለወንዶች ልጆች ነበር። እቴጌ መነን በስማቸው የተጠራውን የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ያቋቋሙት በ1931 ነው። በመካከሉ ሃያ ሦስት ዓመት አለ። የዚያ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ከነበሩት አንዷ በስዊዘርላንድ የተማሩት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው፤ በ1957 በተደረገው ምርጫ ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት መሆናቸውንም ብዙዎቻችን እናውቃለን። ከአብዮቱ በኋላ ትምህርት ቤቱ የካቲት 12 ተባለ፤ ብዙዎቹ የግል ትምህርት ቤቶችም በዚያው ዘመን ወደ መንግሥት ተላለፉ። በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ ወዲህ ደግሞ የግል ትምህርት ቤት በየሰፈሩ እንደ አሸን ፈላ። ከነዚህ ሁሉ መካከል ግን ሴቶችን ብቻ የሚቀበሉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በአዲስ አበባ እናቶች ዘንድ ቶሎ ስሙ የሚነሣው በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሥር ያለው የናዝሬት ትምህርት ቤት ነው። (ስሙን ሰምተው ወደ አዳማ ለመሳፈር የተነሡ ካሉ ይመለሱ፤ ትምህርት ቤቱ ያለው እዚሁ አዲስ አበባ ነው።)

ታዲያ እንዲህ ባለ ግቢ ውስጥ ምን ይገኛል?

እስቲ ከቤተ ሙከራ እንጀምር። ወንዶችና ሴቶች አብረው በሚማሩበት ክፍል የኬሚስትሪ ሙከራ በቡድን ሲሠራ የሚሆነውን ያየ ያውቀዋል። አምስት ተማሪ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቆማል። ፈሳሹን የሚለካው፣ እሳቱን የሚለኩሰው፣ «እስቲ እኔ ልሞክር» እያለ ዕቃውን ከሌላው እጅ የሚወስደው አብዛኛውን ጊዜ ወንዱ ነው። ልጅቷ ጽሕፈቷ ስለሚያምር ሪፖርቱን ትጽፋለች። እኔም በተማሪነቴ ጽሕፈቴ ያምራል እባል ነበር፤ ቴስት ቲዩብ በእጄ የያዝኩበት ቀን ግን ትዝ አይለኝም። በሴቶች ትምህርት ቤት ይህ የሥራ ክፍፍል ሊኖር አይችልም። አምስቱም ሴቶች ናቸው፤ እሳቱን ከመካከላቸው አንዷ መለኮስ አለባት፣ ብርጭቆው ቢሰበርም ከመካከላቸው አንዷ ትጠየቅበታለች።

የክፍል አለቃዋም ሴት ናት። በሚኒ ሚዲያው ማይክሮፎን የምትይዘው፣ ጧት በሰልፍ ላይ ባንዲራ የምትሰቅለው፣ ለወላጆች በዓል ወንበርና ጠረጴዛ ከክፍል ወደ አዳራሽ የምትሸከመው፣ በእግር ኳስ ግብ ጠባቂ ሆና ጭቃ ላይ የምትወድቀው ሴት ናት። የሒሳብ ክበብ ሊቀ መንበርም ሴት ናት። ይህ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ነገር ግን አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ በአንድ ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ በሰው ፊት ቆማ እንደተናገረች፣ ስንት ጊዜ አንድን ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ራሷ ኃላፊ ሆና እንደፈጸመች ብንቆጥር፣ የክፍያው ዋና ዋጋ ያለው እዚያ ላይ ይመስለኛል።

ሌላም የማይወራ ነገር አለ፤ እኛ እናቶች ግን ልናወራው ይገባል። የወር አበባ ነው። ውኃ የሌለው፣ በሩ የማይዘጋ መጸዳጃ ቤት ባለበት ትምህርት ቤት ልጅቷ በወር ውስጥ የተወሰኑ ቀናት ክፍል ውስጥ ብትገኝም ልቧ እዚያ የለም፤ ወይም ጨርሶ ትቀራለች። መቀሌ ላይ ታጥቦ ደግሞ የሚያገለግል የንጽሕና መጠበቂያ ፋብሪካ ያቋቋሙት ወይዘሮ ፍሬወይኒ መብራህቱ በ2019 እ.ኤ.አ. በሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብለው የተሸለሙት ይህንኑ ችግር ይዘው ስለ ተነሡ ነው። ለሴቶች ብቻ በተሠራ ግቢ ይህ ጉዳይ ከኀፍረት ወጥቶ የዘወትር አስተዳደር ጉዳይ ሊሆን ይገባዋል። «ይገባዋል» ማለቴን ልብ ይበሉ። ሴቶች ብቻ ስለሚማሩበት ብቻ ቧንቧው ውኃ አያወርድም፤ ሄደው ከፍተው ማየት ነው።

ከዘጠነኛና ከአሥረኛ ክፍል በኋላ የሚመጣው ምርጫም አለ። ተማሪዎች በአሥራ አንደኛ ክፍል ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ይለያሉ። «ፊዚክስ ለወንድ ነው» የሚለው አባባል ብዙ ልጆችን ከዚያ በር መልሷል። ሙሉ ክፍሉ ሴት በሆነበት፣ በፊዚክስ አንደኛዋም መጨረሻዋም ሴት በሆነችበት ቦታ ግን ይህ አባባል የሚያርፍበት ወንበር አያገኝም። ልጅቷ ፊዚክስን ብትተወውም የምትተወው ስላልወደደችው ይሆናል እንጂ አንድ ሰው ስለ ሳቀባት አይሆንም።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ የሌላውን ወገን ነገር ብደብቅ ትክክል አይሆንም። ሴቶች ብቻ ስለ ሆኑ ሁሉም ይናገራሉ፣ ሁሉም እኩል ናቸው ማለት አይደለም። በየክፍሉ ዝም የምትል ልጅ አለች። ከዚህ የከፋው ደግሞ የኑሮ ልዩነት ነው። የፋብሪካ ሠራተኛዋና የጽሕፈት ቤት ሠራተኛዋ ሌላውን ወጪ ቀንሰው፣ ዕቁብ አስቀድመው ወስደው ልጃቸውን ያስገቡበት ክፍል ውስጥ የትልልቅ ነጋዴዎች ልጆችም ይማራሉ። ዩኒፎርሙ አንድ ነው፤ ጫማው፣ ስልኩ፣ ምሳ ዕቃው ግን አንድ አይደለም። የልደት ግብዣ ይመጣል፣ የጉዞ መዋጮ ይመጣል። እንግሊዝኛውን በቤቷ የምትናገረው ልጅ በደብተር ብቻ የተማረችውን ትስቅባታለች። ልጅዎ «ትምህርት ቤቱን አልወደድኩትም» ብትልዎ ወዲያው አይቆጧት፤ ነገሩ ትምህርቱ ላይሆን ይችላልና ቀስ ብለው ይጠይቋት።

«ለመሆኑ ሴቶች ለብቻቸው ሲማሩ ውጤታቸው ይበልጣል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ በሌሎች አገሮች ብዙዎች መርምረውታል። በደቡብ ኮሪያ ዋና ከተማ በሴኡል ተማሪዎች ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይመደቡ የነበሩት በዕጣ ነበር። አንዳንዱ ልጅ ዕጣው ሆኖ ለወንዶች ወይም ለሴቶች ብቻ ወደ ሆነ ትምህርት ቤት፣ ሌላው ወደ ቅልቅሉ ይሄዳል። ወላጅ ስላልመረጠ ሚዛኑ የቀና ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳመለከተው በዕጣ ለብቻ ወደሚማሩበት የሄዱት በፈተናም፣ ኮሌጅ በመግባትም ብልጫ አሳይተዋል። በሌላ በኩል በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣና ከ21 አገሮች የተገኙ 184 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ፣ 1.6 ሚሊዮን ተማሪዎችን የሚመለከት ሥራ አለ። ይህኛው ደግሞ በጥንቃቄ የተሠሩት ጥናቶች ብቻቸውን ሲታዩ ልዩነቱ እጅግ ትንሽ ነው፣ ወይም ጭራሽ የለም ይላል። እንግዲህ አንዱን ብቻ ይዘው «ተረጋግጧል» የሚልዎ ማስታወቂያ ቢያጋጥምዎ በግማሽ ጆሮ ይስሙት። በእኔ ግምት ነገሩ የአጥሩ ጉዳይ ሳይሆን በአጥሩ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ጉዳይ ነው።

ለዚህም ከራሳችን አገር ምስክር አለን። ዶክተር ሰገነት ቀለሙ በፍኖተ ሰላም ያደጉ ናቸው። ከአለማያ ኮሌጅ ወጥተው በአሜሪካ የዶክትሬት ትምህርታቸውን ጨርሰው፣ በዕፀዋት በሽታ ምርምር ስማቸው የታወቀ፣ በናይሮቢ የሚገኘውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል የመሩ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. ለሴት ሳይንቲስቶች የሚሰጠውን የሎሬያልና የዩኔስኮን ሽልማት ያገኙ ሴት ናቸው። የተነሡት ከአውራጃ ከተማ ነው እንጂ በክፍያ ከሚማሩበት ከአዲስ አበባ ግቢ አይደለም። ይህን የምለው የከፈሉትን ለማሳዘን ሳይሆን፣ መክፈል ያልቻሉ እናቶች የልጃቸው ዕድል የተዘጋ እንዳይመስላቸው ነው።

መቼም ወደድንም ጠላንም ሁሉም ልጆች በመጨረሻ የሚገናኙት በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ላይ ነው። የ2014 ዓ.ም. ፈተና በ2015 መጀመሪያ ላይ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ሲሰጥ ከተቀመጡት ከ896 ሺህ በላይ ተፈታኞች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 30 ሺህ እንኳ አልሞሉም፤ 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 8.4 ከመቶ ከፍ ብሏል። ቢሆንም ከመቶ ተፈታኝ ከዘጠና በላይ የሚሆነው ግማሹን አላገኘም ማለት ነው። ለዚህ ፈተና ልጅቷ ራሷን ችላ ትቀመጣለች። የትምህርት ቤቷ ስም ነጥብ አይጨምርላትም። የሚቆጠርላት ያጠናችው ሰዓት ነው።

ሰዓት ካልን ዘንድ አሁን ወደ እኛ ቤት እንግባ፤ ይህን ጽሑፍ ያነሣሁትም በዋናው ለዚህ ነው።

አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ እንውሰድ። እናቷ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሥራ ላይ ትውላለች። ልጅቷ ከትምህርት ቤት በዘጠኝ ሰዓት ተኩል ትወጣለች፤ መንገዱ ተዘጋግቶ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ቤት ትደርሳለች። ዩኒፎርሟን አውልቃ ታናሽ እኅቷን ፊቷን ታጥባለች። የምሳውን ዕቃ ታጥባለች። ወጡን ትጥዳለች፤ አባቷ ሲገባ ቡና ታፈላለች፤ እራት ታቀርባለች፤ ሰሐን ታነሣለች። ደብተሯን የምትከፍተው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ከእርሷ በአንድ ክፍል የሚያንሰው ወንድሟ ደብተሩን የከፈተው በአንድ ሰዓት ነው። እርሷ ስትጀምር እርሱ ጨርሶ ቴሌቪዥን ያያል።

ልዩነቱ በቀን ሁለት ሰዓት ነው። ትንሽ ይመስላል። በሳምንት አምስት ቀን አሥር ሰዓት ይሆናል፤ የትምህርት ዘመኑን አርባ ሳምንት ብንለው አራት መቶ ሰዓት። አሁን ደግሞ በሳምንት አራት ክፍለ ጊዜ የሚሰጥ አንድ ትምህርት፣ ፊዚክስ እንበል፣ ክፍለ ጊዜው አርባ አርባ ደቂቃ ቢሆን በዓመት መቶ ሰባት ሰዓት ያህል ይሆናል። ስለዚህ በልጅቷና በወንድሟ መካከል በጓዳ በኩል የጠፋው ሰዓት አራት ትምህርት ሊሆን ምንም አልቀረውም። ያውም በከፈሉበት ትምህርት ቤት የሚሰጠውን ማለቴ ነው። ጧት በሴቶች ትምህርት ቤት እሳት እንድትለኩስ ከፍለን ማታ በራሳችን ምድጃ እሳት እናስለኩሳታለን። ጧት የክፍል አለቃ፣ ማታ የሁሉም ታዛዥ ናት።

ሴት ልጅ የቤት ሥራ አትልመድ አልልም። ወጥ መሥራት የማታውቅ ሐኪምም ሆነ መሐንዲስ ተርባ ታድራለች። የምለው፣ ወንድሟም እንደዚያው ተርቦ እንዳያድር ይማር ነው። ሰሐን ለማጠብ ከእጅና ከሳሙና በቀር የሚያስፈልግ ነገር የለም። አንዱ ቀን የእርሱ፣ አንዱ ቀን የእርሷ ቢሆን፣ ሁለቱም አንድ ሰዓት ላይ ባይሆን እንኳ ሁለት ሰዓት ላይ ደብተር ይከፍታሉ። የወጡን ሥራ ወደ ቅዳሜና እሑድ ማሸጋገርም ይቻላል፤ ቁሌቱን አንድ ላይ ሠርቶ ማስቀመጥ እኮ የዛሬ ብልሃት አይደለም። ፈተና በሚቃረብበት በጥርና በሰኔ ደግሞ ቡናው በሳምንት አንድ ቀን ቢፈላ ቤቱ አይፈርስም። አባትየውም፣ በተለይ «ለልጄ ትምህርት ነው የምደክመው» የሚል ከሆነ፣ ጀበናውን አንሥቶ ቢጥድ ጎረቤት ይስቅ ይሆናል እንጂ የሚጎዳው ነገር የለም። ሲስቁ የነበሩ ጎረቤቶች በሦስተኛው ሳምንት ሲለምዱት አይቻለሁ።

አንዳንዶቻችሁ «እኔ ቤት ሠራተኛ አለች፤ ልጄ ሥራ አትነካም» ትሉ ይሆናል። መልካም። ግን ሠራተኛዋ ስንት ዓመቷ ነው? በብዙ ቤት ይህን ሥራ የምትሠራው ከገጠር የመጣች፣ የእርስዎን ልጅ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ብትበልጥ ነው፤ አንዳንዴም እኩያዋ ናት። የእርስዎ ልጅ ያተረፈችው አራት መቶ ሰዓት ከሰማይ አልወረደም፤ ከሌላ ልጅ ላይ የተወሰደ ነው። ብዙዎቹ ልጆች ከአራተኛ ወይም ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጡና የማታ ትምህርት የመቀጠል ፍላጎት ያላቸው ናቸው። ሲቀጠሩም «ማታ እማራለሁ» ብለው ይስማማሉ። ከዚያ በኋላ ግን እንግዳ መጣ፣ ሊጥ ተቦካ፣ ሕፃኑ አሞታል እየተባለ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ቀጥሎ ሦስት ቀን ይቀራሉ፤ ኅዳር ሳይወጣ ስማቸው ከመዝገብ ይሰረዛል።

ለዚህም መላ አለው። የማታው ክፍል በሚጀምርበት ሰዓት ልጅቷ ከበር መውጣቷ እንደ ሰርቪሱ ሰዓት የማይነካ ተደርጎ ይያዝ፤ እራቱ ከዚያ በፊት ያልደረሰ እንደሆነ የቀረውን ከሥራ የገባ ሰው ይጨርሰው። ልጅዎ የሒሳብ ጥያቄ ስትሠራ እርሷም በዚያው ጠረጴዛ ጫፍ ደብተሯን ትዘርጋ። የእርስዎ ልጅ በሴቶች ትምህርት ቤት ከተማረችው ሁሉ ለሌላዋ ማስረዳት የምትችለውን ያህል የምታስታውሰው ሌላ ነገር አይኖርም፤ ይህን ማንኛዋም አስተማሪ ትነግርዎታለች።

እንግዲህ ምዝገባው ደርሷል። የሴቶችንም ትምህርት ቤት ይምረጡ፣ የሰፈሩን የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከመወሰንዎ በፊት ክፍል እየተሰጠ ባለበት ቀን ሄደው ይጎብኙ፤ በምዝገባ ቀን ግቢው ሁሉ ታጥቦና አጊጦ ስለሚጠብቅዎ ብዙ አይታይም። የቤተ ሙከራ ደብተር እንዲያሳዩዎ ይጠይቁና ቀን ቀኑን ይመልከቱ። ከመስከረም እስከ ሰኔ ሁለት ሙከራ ብቻ የተጻፈ ከሆነ ክፍሉ ተቆልፎ የሚውል ነው። ከዘጠነኛ ክፍል የጀመሩት ልጆች አሥራ ሁለተኛ ሲደርሱ ስንቶቹ እንደቀሩ፣ የሄዱትስ ለምን እንደሄዱ ይጠይቁ። ክፍያ ሲጨመር ወላጅ አስቀድሞ ይሰበሰባል ወይስ በደረሰኝ ላይ ነው የሚያየው? መጸዳጃ ቤቱንም ገብተው ይዩት።

ለቤት ሠራተኛዋ የማታ ምዝገባም የሚካሄደው በዚሁ ሰሞን ስለ ሆነ አብረው ያስቡበት። ያቋረጠችበት ትምህርት ቤት ገጠር ከሆነ ማስረጃና መልቀቂያ አስጽፎ ለማስመጣት ሳምንታት ይወስዳል። ወደ አገሯ የሚሄድ ዘመድ ካለ ዛሬውኑ ላኩበት፤ መስከረም ሲጠባ ብቻ ቢያስታውሱት ወረቀቱ ሳይደርስ ምዝገባው ያልፋል።